የኒውክሌር ኃይል ከሰሜን ሸዋ ሲታይ፦ የጨረሩ ስጋትና የዕዳው ስጋት

ኢትዮጵያና ሩሲያ መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ግንባታን የሚመለከት የድርጊት መርሐ ግብር ተፈራርመዋል። ፊርማው የተቀመጠው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ገና ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ስለሆነ፣ ብዙ ሰው ነገሩን እንደ ድንገተኛ ዜና ቢቀበለው አይገርምም። ሁለቱ አገሮች አቶምን ለሰላማዊ ዓላማ ስለመጠቀም የተስማሙት ግን እ.ኤ.አ. በ2019 ነበር፤ በ2023ም የትብብሩን ፍኖተ ካርታ ፈርመዋል። ቴክኖሎጂው ራሱም ቢሆን ለአገሪቱ ፍጹም ባዕድ አይደለም። ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አባል የሆነችው ኤጀንሲው በተቋቋመበት እ.ኤ.አ. በ1957 ሲሆን፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የካንሰር ሕሙማን በጨረር ይታከማሉ፤ በደቡባዊው ስምጥ ሸለቆ የገንዲ በሽታ አስተላላፊ የሆነውን የቆላ ዝንብ ለመቀነስም ወንዶቹን ዝንቦች በጨረር እያመከኑ የመልቀቅ ሥራ ተሠርቷል። አዲስ የሆነው ነገር የኤሌክትሪክ ማመንጫው ነው።

በደብረ ብርሃንም ሆነ በሸዋ ሮቢት ጉዳዩ ሲነሣ ከሁሉ የሚቀድመው ጥያቄ “ቢፈነዳስ?” የሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም ይገባዋል። ይሁን እንጂ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እንደሚያምነው፣ እንደ እኛ ያለ አገር ከኒውክሌር ኃይል ጋር ሲተዋወቅ ይበልጥ የሚያሰጋው ፍንዳታው ሳይሆን የብድሩ ክብደት፣ የግንባታው መጓተትና የተቆጣጣሪው አካል ድክመት ነው። የመጨረሻው፣ ማለትም የተቆጣጣሪው ድክመት፣ የፍንዳታውም እናት ነው።

ከጥቅሙ እንነሣ። የኒውክሌር ማመንጫ በመሠረቱ ውኃ አፍልቶ በእንፋሎት ተርባይን የሚያዞር ጣቢያ ነው፤ ልዩነቱ ሙቀቱ የሚገኘው ከሚቃጠል ነገር ሳይሆን የዩራኒየም አቶም እምብርት ሲሰነጠቅ ከሚወጣው ኃይል መሆኑ ነው። ሰባት ግራም ገደማ የምትመዝን አንዲት የነዳጅ እንክብል የአንድ ቶን ድንጋይ ከሰል ያህል ኃይል ትሰጣለች። አንድ ሺህ ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ሪአክተር፣ ማለትም አቶሙ የሚሰነጠቅበት ምድጃ፣ በዓመት የሚፈልገው ነዳጅ ከ20 እስከ 27 ቶን ብቻ ስለሆነ፣ የሁለትና የሦስት ዓመት ነዳጅ በአንድ መጋዘን ማስቀመጥ ይቻላል። ካርቦን አያጨስም፤ ሌሊትና ቀን፣ በጋና ክረምት ሳይል ይሠራል።

ይህ የመጨረሻው ባሕርይ ለኢትዮጵያ ትልቅ ትርጉም አለው። ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ቢኖረውም በዓመት ይሰጣል ተብሎ የታቀደው 15,760 ጊጋ ዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ ይህም ተርባይኖቹ ዓመቱን ሙሉ በሙሉ አቅማቸው ቢዞሩ ከሚገኘው ከ35 በመቶ አይበልጥም። ግድቡ ጉድለት ኖሮበት አይደለም፤ የዓባይ ውኃ ራሱ በዚያ ልክ ስለሚመጣ ነው። በአንጻሩ እያንዳንዳቸው 1,200 ሜጋ ዋት የሆኑ ሁለት ሪአክተሮች ከዓመቱ 90 በመቶውን ቢሠሩ 18,900 ጊጋ ዋት ሰዓት ያህል ይሰጣሉ። በስም አቅሙ ከግድቡ እኩሌታ የማይሞላ ጣቢያ በዓመት ምርቱ ግድቡን ይበልጠዋል ማለት ነው። ከአገሪቱ ኤሌክትሪክ ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆነው ከውኃ የሚገኝ መሆኑንና በ2011 ዓ.ም. ግንቦት በጊቤ ሦስት የውኃ እጥረት ምክንያት መብራት በፈረቃ ታድሎ እንደነበረ ለሚያስታውስ ሰው፣ ዝናብን የማይጠብቅ የኃይል ምንጭ መመኘት እንደ ቅንጦት ሊቆጠር አይችልም።

የጤናው ነገርም አለ፤ ይህን ሰሜን ሸዋ ከማንም በላይ ያውቀዋል። በመንዝ ደጋማ ቀበሌዎች፣ ከባሕር ዛፍ በቀር እንጨት በማይገኝበት ብርድ ላይ፣ እንጀራ የሚጋገረው በአብዛኛው በኩበት ነው። የኩበት ጭስ የእናቶችንና የሕፃናትን ሳንባ ይጎዳል፤ ኩበቱ ደግሞ ለገብስ ማሳ ማዳበሪያ መሆን የነበረበት ሀብት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጭስ ሳቢያ በዓለም በየዓመቱ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ያለ ዕድሜው እንደሚሞት ይገምታል። ይህን ያህል ሞት በዓመት ያደረሰ የኒውክሌር አደጋ በታሪክ የለም፤ በታሪክ ያሉት የኒውክሌር ማመንጫ አደጋዎች ሁሉ ቢደመሩም አይደርሱበትም። አደጋን ከአደጋ ጋር የሚመዝን ሰው ይህንንም ከሚዛኑ ላይ ማስቀመጥ አለበት።

ነገር ግን እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የጌራ ምድርን እመቤት ከጭስ የሚያወጣት ሪአክተሩ ሳይሆን እስከ ቀበሌዋ የሚዘረጋው መስመር፣ የማይቃጠለው ትራንስፎርመር፣ የሚገጠምላት ቆጣሪና የሚሸጥላት የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። አንድ ምጣድ ሦስት ኪሎ ዋትና ከዚያም በላይ ይስባል፤ ሰፈሩ ሁሉ ማለዳ ምጣዱን ሲጥድ አርጅቶ በተዳከመ መስመር ላይ ምን እንደሚሆን የደብረ ብርሃን ነዋሪ ይነግርዎታል። ከኢትዮጵያ ሕዝብ እኩሌታ የሚሆነው ዛሬም የኤሌክትሪክ ተጠቃሚ ያልሆነው ማመንጫ ስላነሰ ብቻ አይደለም፤ ማስተላለፊያውና ማከፋፈያው ስላልደረሰው ነው። ስለዚህ “ኒውክሌር ገጠሩን ያበራል” የሚለው አነጋገር፣ ከማን አፍ ቢወጣ፣ አንድ ትልቅ ምዕራፍ ዘልሎ የሚናገር ነው።

አሁን ወደ ፍንዳታው ጥያቄ እንመለስ። የኃይል ማመንጫ ሪአክተር እንደ አቶሚክ ቦምብ ሊፈነዳ አይችልም፤ ለቦምብ የሚውለው ዩራኒየም 90 በመቶ ያህል ሲበለጽግ (በቀላሉ የሚሰነጠቀው ዓይነት ድርሻ ይህን ያህል እንዲሆን ሲደረግ) የማመንጫው ነዳጅ በተለመደው አሠራር ከ5 በመቶ አይበልጥም። እውነተኛው አደጋ ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ እርሱም ሪአክተሩ ከተዘጋ በኋላ የሚቀረው ሙቀት ነው። የአቶሙ መሰንጠቅ በሴኮንዶች ውስጥ ሊቆም ይችላል፤ ተሰንጥቀው የቀሩት ቁርጥራጮች ግን ጨረር እየለቀቁ መሞቃቸውን አያቆሙም፤ እንደ ተዳፈነ የኩበት ፍም ከላይ የጠፋ መስሎ ከውስጥ ይግላል። አንድ ሺህ ሜጋ ዋት ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ሪአክተር ሦስት ሺህ ሜጋ ዋት ያህል ሙቀት ያመነጫል፤ በተዘጋበት ቅጽበት ከዚህ ሙቀት ከ6 እስከ 7 በመቶው፣ ማለትም 200 ሜጋ ዋት ገደማ፣ አሁንም መወገድ አለበት። ይህ 153 ሜጋ ዋት ከሆነው ከአዳማ ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫ አቅም ይበልጣል። ሙቀቱ በአንድ ቀን ውስጥ ከአንድ በመቶ በታች ቢወርድም ውኃ ካልተዘዋወረለት ነዳጁን ለማቅለጥ በቂ ነው።

በፉኩሺማ የሆነው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 11 ቀን 2011 ጃፓንን ያናወጠው፣ በመለኪያው 9 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ሲከሠት በሥራ ላይ የነበሩት ሪአክተሮች እንደታቀደው ወዲያው ተዘጉ። ከዚያ በኋላ የመጣው የባሕር ማዕበል ግን ውኃ የሚያዘዋውሩትን ፓምፖች የሚያንቀሳቅሱ የናፍጣ ጄኔሬተሮችን አሰጠመ፤ ሦስት ሪአክተሮችም በቀረው ሙቀት ቀለጡ። እዚሁ ላይ ብዙ ጊዜ የማይነሣ አንድ ነገር አለ። የኦናጋዋ ማመንጫ ከፉኩሺማ ይልቅ ለመንቀጥቀጡ ማዕከል ይቀርብ ነበር፤ ነገር ግን ከፍ ባለ መሬት ላይ በመሠራቱ በደኅና ተዘግቶ ጸና። ባሕሩም መንቀጥቀጡም አንድ ነበር፤ የተለየው ቀድሞ የተደረገው ውሳኔ ነው። የጃፓን ፓርላማ ያቋቋመው መርማሪ ኮሚሽን በ2012 አደጋው ሰው ሠራሽ ነው ሲል የደመደመው፣ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ከሚቆጣጠረው ኩባንያ ጋር ተሻርኮ ስለነበር ነው።

በዛሬዋ ዩክሬን ያለው ቼርኖቤል የባሰ ነበር። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1986 የፈነዳው ሪአክተር በንድፉ የተዛባ፣ እንደ ዛሬዎቹ ጠንካራ የኮንክሪት ሽፋን የሌለው ነበር፤ ሠራተኞቹም በሙከራ ላይ ሳሉ የደኅንነት መሣሪያዎችን አጥፍተው ነበር። በአደጋውና በተከተለው አጣዳፊ የጨረር ሕመም በመጀመሪያዎቹ ወራት 30 ያህል ሰዎች ሞቱ፤ በዚያው ዓመት 116,000 ሰው ከቀየው ተነሣ፤ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች በ2005 ባወጡት ግምት ደግሞ ይበልጥ ለጨረር ከተጋለጡት መካከል እስከ 4,000 የሚደርስ ሰው በጊዜ ሂደት ሊሞት ይችላል ተብሏል። በፉኩሺማ ከጨረሩ ይልቅ የገደለው ስደቱ ነው፤ ከ150,000 በላይ ሰዎች ሲፈናቀሉ፣ ከመፈናቀሉ ጋር በተያያዘ ከሁለት ሺህ በላይ፣ በአብዛኛው አረጋውያን፣ ሞተዋል። ለንጽጽር ያህል፣ በ1975 በቻይና የባንቺያኦ ግድብ ሲናድ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አልቀዋል፤ ግድብን ግን ማንም በዚህ ዓይን አያየውም። አሁን ከሚገነቡት ሪአክተሮች ብዙዎቹ፣ ሩሲያ ለግብፅና ለባንግላዴሽ የምትገነባውን ዓይነት ጨምሮ፣ ያለ ኤሌክትሪክ ሙቀትን የሚያስወግድ ሥርዓትና ነዳጁ ቢቀልጥ ከሥር የሚቀበል ማጠራቀሚያ አላቸው። ይህ ስጋቱን ያቃልላል እንጂ አያጠፋም።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የቦታው ጥያቄ ነው፤ ሰሜን ሸዋም በቀጥታ የምትገባው እዚህ ላይ ነው። ዞኑ በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ከጣርማ በር አፋፍ ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያም ወደ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ የሚወርድ መንገደኛ የሚያየው ያ ግዙፍ ገደል መሬት ተሰንጥቃ የተለያየችበት ምልክት ነው። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ካራቆሬን ማዕከል ያደረገው ተከታታይ የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል፤ የአዲስ አበባ–አስመራን አውራ ጎዳናም ሰንጥቆታል። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1842 መጨረሻ፣ አንኮበርም በመንቀጥቀጥና በናዳ ክፉኛ ተጎድታ ነበር። ከአንኮበር ቁልቁል በሚታየው በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ በ2017 ዓ.ም. ለወራት የቀጠለው መንቀጥቀጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከቀያቸው አስነሥቷል፤ ንዝረቱም አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል።

ሪአክተር በመንቀጥቀጥ አገር አይሠራም ማለት አይደለም፤ ጃፓን ለዚህ ምስክር ናት። ነገር ግን ሙሉ አገር ለምርጫ ክፍት ሆኖ ሳለ በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ መትከል አላስፈላጊ መከራን መጥራት ነው፤ ለሚጨመረው ብረትና ኮንክሪት የሚከፈለው ወጪ ብቻ እንኳ ምክንያት ይሆናል። ውኃውም ሌላ ወሰን ነው። አንድ ሺህ ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ በማቀዝቀዣ ማማዎቹ በቀን ወደ 60,000 ሜትር ኩብ ውኃ ያተናል፤ ይህን በበጋ ወራት ከሚሳሱት የዞኑ ወንዞች መጠበቅ ከባድ ነው። በአሪዞና በረሃ ያለው የፓሎ ቨርዴ ማመንጫ ከከተማ የወጣ ፍሳሽን አጣርቶ እንደሚጠቀም አውቃለሁ፤ እኛ ግን ገና ለዚያ የሚበቃ የተጣራ ፍሳሽ የለንም።

ሰላምም የቦታ ምርጫ አካል ነው። የአጣዬ ከተማ በ2013 ዓ.ም. ስትቃጠል፣ በኋላም በዞኑ የቀጠለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ያየ ሰው፣ ለስልሳ ዓመትና ከዚያ በላይ ሊሠራ የሚታሰብ፣ ነዳጁ በአጀብ የሚጓጓዝለት ጣቢያ ምን ዓይነት ጸጥታ እንደሚጠይቅ ማስረዳት አያስፈልገውም። በዩክሬን የዛፖሪዥያ ማመንጫ ከመጋቢት 2022 ጀምሮ በጦር ኃይል ተይዞ፣ ማቀዝቀዣውን የሚያንቀሳቅሰው የውጭ ኤሌክትሪክ በተደጋጋሚ እየተቋረጠበት ዓለምን ሲያስጨንቅ ከርሟል።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ ሚዛኑ ይከብዳል። ሕዳሴ ግድብ አምስት ቢሊዮን ዶላር ያህል የፈጀ ሲሆን፣ የሰሜን ሸዋ መምህርና ገበሬ ሳይቀር ቦንድ እየገዛ ያሠራው ነው፤ የአገር ውስጥ ዕዳው በብር ነው። የኒውክሌር ማመንጫ በዚህ መንገድ አይሠራም። ባንግላዴሽ በሩፑር የምታስገነባቸው ሁለት ባለ 1,200 ሜጋ ዋት ሪአክተሮች 12.65 ቢሊዮን ዶላር የተያዘላቸው ሲሆን፣ 90 በመቶው የሩሲያ ብድር ነው። ግብፅ በኤል ዳባ ለምትሠራቸው አራት ሪአክተሮች የተፈቀደላት የሩሲያ ብድር 25 ቢሊዮን ዶላር፣ ወለዱም 3 በመቶ ነው። የሩፑርን ያህል ጣቢያ በተመሳሳይ ሁኔታ ብንበደር፣ ዋናውን ሳይጨምር፣ ወለዱ ብቻ በዓመት ከ330 ሚሊዮን ዶላር ያላነሰ ይሆናል። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. የዩሮ ቦንዷን የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀርታለች፤ መንግሥት ምክንያቱ አበዳሪዎችን ሁሉ በእኩል ዓይን ለማየት ነው ማለቱ ይታወሳል። ምክንያቱ ምንም ቢሆን፣ አሥር እጥፍ የሆነ ዓመታዊ ግዴታ መጨመር ቀላል ውሳኔ አይደለም። ለኬንያ፣ ለጅቡቲና ለሱዳን የሚሸጠው ኤሌክትሪክ ዶላር ያስገኛል የሚለው ክርክር ክብደት አለው፤ ሆኖም ያንኑ ገበያ ሕዳሴ ግድብም ይፈልገዋል።

ጊዜው ደግሞ ከወለዱ ጋር ይተባበራል። ፊንላንድ የኦልኪሉኦቶን ሦስተኛ ሪአክተር በ2005 ስትጀምር በ2009 ለመጨረስ አስባ ነበር፤ መደበኛ ምርት የጀመረው በ2023 ነው። ፈረንሳይ፣ ያውም ከሁሉ በላይ በኒውክሌር የምትኖር አገር፣ የፍላማንቪሉን ሪአክተር በ2007 ጀምራ ከኤሌክትሪክ መረቧ ጋር ያገናኘችው በ2024 መጨረሻ ነው። የተሳካለትም አለ፦ የተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች የባራካን አራት ሪአክተሮች በ2012 መገንባት ጀምራ በ2024 ሁሉንም ወደ ሥራ አስገብታለች፤ ዛሬ ከኤሌክትሪኳ ሩቡን ያህል ታገኝበታለች። ነገር ግን ገንዘብ ነበራት፤ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቷንም ከግንባታው በፊት፣ ከውጭ ልምድ ያላቸውን ባለሙያዎች አስመጥታ አቋቁማለች። በሌላው ጫፍ ፊሊፒንስ አለች፦ የባታአን ማመንጫዋ ከሁለት ቢሊዮን ዶላር በላይ ፈጅቶ በ1980ዎቹ አጋማሽ ተጠናቀቀ፤ ፕሬዚዳንት ማርቆስ ወደቁ፣ ቼርኖቤል ፈነዳ፣ ለእሳተ ገሞራና ለመሬት ስንጥቅ ቅርብ ነው የሚለው ክርክርም ተጨመረና ጣቢያው አንዲት ኪሎ ዋት ሰዓት ሳይሰጥ ቀረ። ዕዳው ግን እስከ 2007 ድረስ ተከፈለ።

ቱርክ የመረጠችው መንገድ ለየት ያለ ነው። የአኩዩ ማመንጫን የሩሲያው ኩባንያ በራሱ ገንዘብ ሠርቶ ባለቤት ሆኖ ያንቀሳቅሳል፤ ቱርክ ደግሞ ከምርቱ የተወሰነውን ለ15 ዓመት በኪሎ ዋት ሰዓት 12.35 የአሜሪካ ሳንቲም ልትገዛ ተስማምታለች። ዕዳ የለም፤ ዋጋው ግን ዛሬ የኢትዮጵያ ቤተሰብ ከሚከፍለው ታሪፍ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ልዩነቱን ወይ ደንበኛው ወይ የመንግሥት ካዝና መሸፈኑ አይቀርም።

የመረቡ አቅምም መዘንጋት የለበትም። በተለመደው የምህንድስና መመሪያ አንድ ማመንጫ ከመረቡ አቅም አሥር በመቶ ገደማ እንዳይበልጥ ይመከራል፤ ምክንያቱም ድንገት ሲቋረጥ ሌሎቹ ሸክሙን ወዲያው ሊሸከሙት ይገባል። 1,200 ሜጋ ዋት የሆነ ሪአክተር በድንገት ቢቆም ሦስት የሕዳሴ ተርባይኖች በአንድ ቅጽበት እንደጠፉ ይቆጠራል። በሌሊት ፍላጎቱ ዝቅ በሚልበት ሰዓት ይህ አገሩን በሙሉ ሊያጨልም ይችላል። ትናንሽ ሪአክተሮች ለዚህ መፍትሔ ተብለው ይጠቀሳሉ፤ በሩሲያ ሰሜናዊ ዳርቻ በፔቬክ ወደብ ከ2020 ጀምሮ ሁለት ባለ 35 ሜጋ ዋት ሪአክተሮች በመርከብ ላይ ሆነው ይሠራሉ፤ በዋጋ ግን ገና ራሳቸውን አላስመሰከሩም።

ስለ ቆሻሻው በአጭሩ፦ ያገለገለው ነዳጅ መጠኑ ትንሽ፣ ዕድሜው ግን ረጅም ነው። ለተወሰኑ ዓመታት በውኃ ገንዳ ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ በወፍራም ጋን ይታሸጋል። ለዘለቄታው መቅበሪያ ያዘጋጀችው ፊንላንድ ከ400 ሜትር በላይ በጠንካራ ዐለት ውስጥ ቆፍራለች። እንደ እኛ ላለ አገር የሚሻለው ነዳጁን የሸጠው ወገን መልሶ እንዲወስድ በውል ማሰር ነው፤ ይህ አንቀጽ በውሉ ውስጥ መኖር አለመኖሩ ከሪአክተሩ ዓይነት ያላነሰ ነገር ነው።

ታዲያ ይቅር ነው ወይስ ይሠራ? እንደ እኔ እምነት ዝግጅቱ መቀጠል አለበት፤ ብድሩ ግን መቸኮል የለበትም። የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲው ለጀማሪ አገሮች ባወጣው መመሪያ ከሐሳብ እስከ ሥራ ከ10 እስከ 15 ዓመት እንደሚፈጅ አስቀምጦ፣ መሟላት ያለባቸውን 19 ጉዳዮች ይዘረዝራል። አብዛኛዎቹ ብረትና ኮንክሪት አይደሉም፤ ሕግ፣ የሰው ኃይል፣ የአደጋ ጊዜ ዝግጅትና ከገንቢው ነጻ የሆነ ተቆጣጣሪ ናቸው። በዚያው ጊዜ ውስጥ የመጀመሪያው ዶላርና የመጀመሪያው ብር ወደ ማከፋፈያ ጣቢያዎችና ወደ ገጠር መስመሮች ቢሄድ፣ ሪአክተሩ ቢመጣም ባይመጣም አይባክንም። የጣርማ በርን ነፋስና ከሥሩ በዶፈን በኩል ለእንፋሎት ኃይል ሲጠና የቆየውን የምድር ሙቀት ማልማትም እንዲሁ ነው፤ መንቀጥቀጡን የሚያመጣው የመሬት ባሕርይ ኃይሉንም ይዞታል።

ለዞኑ ዛሬውኑ ሊሠራ የሚችል አንድ ርካሽ ነገር አለ። ከአንኮበር እስከ አጣዬ ባለው ጠርዝ ላይ የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ መሣሪያዎችን ማበራከትና መረጃውን እንደ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ባሉ የአካባቢው ተቋማት ጭምር እንዲጠና ማድረግ፣ ለሪአክተሩ ቦታ መረጣ የትኛው መሬት መተው እንዳለበት ያሳያል። ሪአክተሩ ጨርሶ ባይሠራም እንኳ ያው መዝገብ በማጀቴና በሸዋ ሮቢት የሚሠሩ ትምህርት ቤቶች፣ ጤና ጣቢያዎችና ድልድዮች በምን ያህል ጥንካሬ መገንባት እንዳለባቸው ለመሐንዲሱ ይነግረዋል።